መስኮትን በቃል ማዘዝ

ልብ ወለድ ይተቻል፣ ፊልም ይተቻል፣ አዲስ የወጣ አልበም ሳይውል ሳያድር ይተቻል። ቀኑን ሙሉ ዓይናችንን ተክለን የምንውልበት ስክሪን ላይ የትኛው መስኮት የት እንደሚቀመጥ የሚወስነውን ፕሮግራም ግን ማንም ዞር ብሎ አይተቸውም። እንደ አየር ጠባይ ነው የምናየው። ያለ ነው፣ የነበረ ነው፣ ማን ይጠይቀዋል? እኔ ዛሬ አንዱን ልጠይቅ ነው። ስሙ አይ-ስሪ ይባላል። ሊኑክስ ላይ የሚሠራ መስኮት አስተዳዳሪ ሲሆን፣ ወገኑ ታይሊንግ ከሚባሉት ነው። ሴራሚክ ወለል ላይ እንደሚነጠፈው ሁሉ መስኮቶችን ጎን ለጎን ያነጥፋል፤ አንዱ በሌላው ላይ አይወጣም።

እንደ ድርሰት ላነበው የምችለው ድርሰት ስለሆነ ነው። ደራሲ አለው፤ ሚካኤል ሽታፐልበርግ የተባለ ጀርመናዊ ፕሮግራመር በ2009 ጀመረው (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)። ከቀደሙት ሥራዎች ጋር ክርክር አለው። በልቡ ይዞት የሚጽፍለት ተጠቃሚም አለው። የኔ ጥያቄ ያለው እዚህ መጨረሻው ላይ ነው፦ ያ በልቡ የያዘው ሰው እኛን ይመስላል ወይ?

ሐሳቤን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ታይሊንግን የሚያወድሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያወሩት ስለ ፍጥነት ነው፤ እጅ ከኪቦርድ አይነሳም፣ ማውስ ፍለጋ የለም፣ ወዘተ። ልክ ናቸው፣ ግን ዋናውን ነገር ስተውታል። የአይ-ስሪ ትልቁ ሥራ የእጅ ሥራ የነበረውን ወደ ቋንቋ መለወጡ ነው። መስኮት መጎተት ቀርቶ መስኮት ማዘዝ መጣ። ጥንካሬውም ድክመቱም ከዚህ አንድ ነገር ይቀዳል፤ ምክንያቱም ቋንቋ ምንጊዜም የሆነ ሰው ቋንቋ ነው።

ጠረጴዛና ኮምፔርሳቶ

የለመድነው ስክሪን «ዴስክቶፕ» ይባላል፤ የጠረጴዛ ገጽ ማለት ነው። ምሳሌው የተቀዳው ከአሜሪካ ቢሮ ነው። በ1970ዎቹ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል የሚሠሩ ሰዎች፣ መስኮቶች ጠረጴዛ ላይ እንደተበተነ ወረቀት አንዱ በሌላው ላይ እንዲደራረቡ አደረጉ። በ1984 የወጣው ማኪንቶሽ ይህንን ምሳሌ ወደ ሰው ቤት አስገባው። የሚገርመው ግን በ1985 የወጣው የመጀመሪያው የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ መስኮቶቹን አያደራርብም ነበር፤ ጎን ለጎን ነበር የሚያነጥፋቸው። መደራረብ የመጣው በ1987 በወጣው በሁለተኛው ነው። ስለዚህ ታይሊንግ የጥቂት ሃከሮች አዲስ ፋሽን አይደለም። አንድ ጊዜ ተሸንፎ የተመለሰ የድሮ ሐሳብ ነው።

ጠረጴዛ የሚመቸው ሰፊ ጠረጴዛ ላለው ሰው ነው። ስክሪኑ 1366 በ768 ፒክስል የሆነ ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛ ተማሪ ግን ጠረጴዛ የለውም፤ ያለው የክፍል ወንበር ክንድ ላይ የተገጠመች ጠባብ ሳንቃ ናት። እሷ ላይ ወረቀት ሲደራረብ የሚሆነውን እናውቃለን፤ ሥራው መጻፍ መሆኑ ቀርቶ የተቀበረውን ወረቀት መፈለግ ይሆናል።

ታይሊንግ ለኔ የሚያስታውሰኝ ኮምፔርሳቶን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ የኖረ ሰው ይህን ስስ የጣውላ ግድግዳ ያውቀዋል። ቤተሰብ ሲሰፋ ክፍሉ አይሰፋም፤ ይከፈላል። እንግዳ ሲመጣ ሌላው ጠጋ ይላል። ማንም ማንንም አይሸፍንም፣ ባዶ የቀረ ጥግም የለም። አይ-ስሪም እንዲሁ ነው። አዲስ መስኮት ስትከፍቱ የነበሩት ጠበብ ብለው ቦታ ይለቁለታል፤ ስትዘጉት መልሰው ይሰፋሉ።

የኮምፔርሳቶ ቤት ችግርም አብሮ መጥቷል፤ እሱን መሸፈን ሂስ አይሆንም። አይ-ስሪ ዝም ካላችሁት መስኮቶችን ሁሉ ጎን ለጎን ያሰልፋቸዋል። በዚያች 1366 ፒክስል ስክሪን ላይ ሦስት መስኮት ከተከፈተ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 455 ፒክስል ገደማ ነው። እዚያ ውስጥ ድረ ገጽ ማንበብ በቁልፍ ቀዳዳ አጮልቆ እንደማየት ነው። መድኃኒቱ እዚያው አለ፤ መስኮቶቹን እንደ ማኅደር ትር አንድ ቦታ መደርደር ትችላላችሁ። ግን ልብ በሉ፣ ያን ጊዜ ወደ መደራረብ ተመልሰናል። ልዩነቱ መደራረቡን ያዘዛችሁት እናንተ መሆናችሁ ነው።

ባዶ ቤት መረከብ

አጫጫኑን ያወቀ ሰው የሥራውን ጠባይ ከወዲሁ ያውቃል። ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ ላይ ከሆናችሁ ተርሚናል ከፍታችሁ የምትጽፉት አንድ መስመር ነው፦ ሱዶ፣ አፕት፣ ኢንስቶል፣ ከዚያ አይ-ስሪ። እሱ ብዙ ጊዜ ታች የሚቀመጠውን የመረጃ መስመር፣ ስክሪን መቆለፊያውንና ፕሮግራም በስሙ የሚጠራውን ዲሜኑን አስከትሎ ይመጣል። ከዚያ ወጥታችሁ ስትገቡ በመግቢያው ስክሪን ላይ አይ-ስሪን ትመርጣላችሁ። መግቢያ ስክሪን የሌለው ማሽን ከሆነ ደግሞ «ኤክስኢኒትአርሲ» በሚባለው ፋይል ውስጥ አንድ የማስነሻ መስመር ጽፋችሁ «ስታርትኤክስ» ትላላችሁ። በቃ።

መጀመሪያ ሲነሳ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ የማዋቀሪያ ፋይል ላዘጋጅላችሁ ወይ? የትእዛዝ ቁልፋችሁ የዊንዶውስ ምልክት ያለበት ይሁን ወይስ አልት? ከዚያ በኋላ ጨለማ ነው። ሥዕል የለም፣ የሚነካ ምልክት የለም፣ «እንኳን ደህና መጡ» የለም። ታች አንዲት ቀጭን መስመር፣ በስተግራዋ «1» የሚል ቁጥር። ባዶ ቤት ተረክባችኋል።

ብዙ ሰው የሚሸሸው እዚህ ላይ ነው፤ አልፈርድበትም። እኔ ግን ይህች ባዶ ቤት ከሥራው ሁሉ ሐቀኛዋ ክፍል ትመስለኛለች። ሌሎቹ ሲስተሞች ገና ሳትገቡ ቤቱን አስጊጠው ይጠብቋችኋል፤ ማስታወቂያው፣ ዜናው፣ ያልጠየቃችሁት ፕሮግራም ሁሉ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አይ-ስሪ ጠርታችሁ ያላመጣችሁትን አያሳያችሁም። የትእዛዝ ቁልፉን ይዛችሁ ኢንተር ስትጫኑ ተርሚናል ይመጣል። «ዲ» ስትጫኑ የፕሮግራም ስም የምትጽፉበት መስመር ይመጣል። «ኤፍ» መስኮቱን ስክሪን ሙሉ ያደርገዋል። ቁጥሮቹ ከክፍል ወደ ክፍል ይወስዷችኋል፤ ሺፍት ሲጨመርባቸው መስኮቱን ወደ ሌላ ክፍል ይሰዱታል። አንድ ከሰዓት ከሠራችሁበት እጃችሁ ላይ ይቀራል።

ሰባት ቤት መቁጠር

አሁን ወደ ሥራው ልብ እንግባ። አይ-ስሪ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ዛፍ ነው። ስክሪኑ ግንድ ነው፤ ከሱ ክፍሎች ይወለዳሉ፤ ከክፍሎቹ ማኅደሮች፣ ከማኅደሮቹ መስኮቶች። የመምሪያ መጽሐፉም ወላጅና ልጅ እያለ ነው የሚጠራቸው። ሰባት ቤት መቁጠር ለለመደ ሰው ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። የትእዛዝ ቁልፉን ይዛችሁ «ኤ» ስትጫኑ ትኩረታችሁ ከመስኮቱ ወደ ወላጁ ይወጣል፤ ከዚያ ወላጁን ስታዙ ልጆቹ ሁሉ አብረው ይንቀሳቀሳሉ።

ይህ አይ-ስሪን ከዘመዶቹ ይለየዋል። በ2006 የወጣው ዲደብልዩኤምና በ2007 የወጣው ኤክስሞናድ ቦታውን ራሳቸው ይከፋፍላሉ፤ አንድ አባወራ መስኮት ሰፊውን ቦታ ይይዛል፣ ሌሎቹ በጎኑ ይደረደራሉ። አይ-ስሪ አይወስንላችሁም። የሚቀጥለው መስኮት ጎን ለጎን ይሁን ወይስ ላይና ታች፣ የምትናገሩት እናንተ ናችሁ። ይህ ሥራ ይጨምራል። ግን ሐሳብ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ «እነዚህ ሁለት ነገሮች ምንና ምን ናቸው?» ያሰኛል። መዝገበ ቃላቱ የጽሑፌ ልጅ ነው ወይስ እኩያው?

ቋንቋነቱ ፍንትው ብሎ የሚወጣው ግን ተርሚናሉ ላይ ነው። ከአይ-ስሪ ጋር አይ-ስሪ-ኤምኤስጂ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ትመጣለች። ሥራዋ መልእክት ማድረስ ነው። እሷን ጠርታችሁ «ዎርክስፔስ 2» ብትሏት ወደ ሁለተኛው ክፍል ትሄዳላችሁ። የአንድን ፕሮግራም ስም በቅንፍ ከትታችሁ «ፎከስ» ብትሏት የትም ክፍል ቢሆን ፈልጋ ታመጣዋለች። «ጌት ትሪ» ብላችሁ ብትጠይቋት ደግሞ ዛፉን በሙሉ፣ የእያንዳንዱን መስኮት ስም፣ ስፋት፣ ወላጅና ልጅ በጽሑፍ ዘርዝራ ታስነብባችኋለች። እስቲ አስቡት፦ ስክሪናችሁ የተቀመጠበት ሁኔታ ሊነበብ የሚችል ጽሑፍ ሆነ ማለት ነው። የሚነበብ ነገር ደግሞ ይጻፋል፣ ይገለበጣል፣ ለሰው ይላካል። ጠዋት ጠዋት የማነሳቸውን ሦስት መስኮቶች በየቦታቸው የምታስቀምጥ አጭር ስክሪፕት አለችኝ፤ ለጓደኛዬ በቴሌግራም ልልክላት እችላለሁ፣ እሷም ማሽን ላይ ትሠራለች። መስኮት በማውስ መጎተትን ለሰው መላክ አይቻልም።

እዚህ ላይ ሥራው ያልጨረሰው ነገርም አለ። ያለውን አቀማመጥ ወደ ፋይል የሚያስቀምጥ መሣሪያ አለው፣ ግን የሚያወጣውን ፋይል በእጅ ካላረማችሁት አይሠራም፤ የትኛው መስኮት በየትኛው ቦታ እንደሚገባ የሚለዩትን መስመሮች አንድ በአንድ መርጣችሁ መክፈት አለባችሁ። የአከፋፈሉ ስያሜም ግራ ያጋባል። «ሆሪዞንታል» ሲል መስኮቶቹ በአግድም ይሰለፋሉ ማለቱ ነው፤ ጀማሪ ግን የመክፈያው መስመር አግድም የሚሆን ይመስለዋል። እኛ ቤት «ጎን ለጎን» እና «ላይና ታች» ብንል ማንም አይሳሳትም ነበር። ይባስ ብሎ ለዚህ ትእዛዝ «ኤች» የሚለው ቁልፍ ስለተያዘ የአቅጣጫ ቁልፎቹ አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ተገፍተዋል፤ በቪአይ ጽሑፍ አርታዒ «ኤች፣ ጄ፣ ኬ፣ ኤል» የለመደ እጅ እዚህ «ጄ፣ ኬ፣ ኤል» ብሎ አራተኛውን ከሴሚኮለን ላይ ያገኘዋል። ትንሽ ነገር ናት፣ ግን ቋንቋ ውስጥ ትናንሽ ነገሮች ናቸው አፍ የሚይዙት።

ሌላም አለ፣ በአማርኛ ስናስበው ብቻ የሚታይ። ትእዛዞቹ ሁሉ ትእዛዝ አንቀጽ ናቸው፦ ክፈል፣ ሂድ፣ አንቀሳቅስ። መስኮት ለመዝጋት ደግሞ «ኪል» ነው የሚባለው፣ ግደል። እንግሊዝኛው ማንን እንደሚያዝ አይለይም። አማርኛ ግን «ክፈል» ወይስ «ክፈይ» ወይስ «ይክፈሉ» ብሎ ሳይመርጥ አንዲት ትእዛዝ እንኳ መስጠት አይችልም። ማሽንን አንቱ የሚል ሰው አላየሁም፤ አንተ ብለን ነው የምናዘው፣ ሲያናድደን ደግሞ ከዚያም እናወርደዋለን። ይህን ቋንቋ ወደኛ ማምጣት ቃል ለቃል መተካት እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ

አይ-ስሪ የሚከራከረው ከማን ጋር እንደሆነ ለማየት ዲደብልዩኤምን አጠገቡ ማቆም ያስፈልጋል። ዲደብልዩኤም ውበት አለው፣ አልክድም። ሠሪዎቹ ኮዱ ከ2000 መስመር እንዳያልፍ ወስነው ያዙት። በአንድ ቅዳሜ ከዳር እስከ ዳር ሊነበብ የሚችል ፕሮግራም በዚህ ዘመን ብርቅ ነው። ግን የማዋቀሪያ ፋይል የለውም። ቀለም መቀየር ከፈለጋችሁ የሲ ቋንቋ ኮዱን ከፍታችሁ ታርማላችሁ፣ ከዚያ እንደገና ታጠናቅሩታላችሁ። የፕሮጀክቱ ገጽ ደግሞ ይህ አሠራር የተጠቃሚውን ቁጥር ትንሽና ምርጥ አድርጎ እንደሚያቆይ፣ የጀማሪ ጥያቄም እንደሚያስቀር እንደ ጥቅም ነው የሚቆጥረው።

ቀልድ ነው የሚሉ አሉ። ቢሆንም ቀልዱ ላይ መሳቅ የሚችለው ውስጥ ያለው ነው። ትንሽነት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሰው ሁሉ እንዲያነበው ያጠረ ጽሑፍ ነው። ሌላው ሰው እንዳይገባ የጠበበ በር ነው። ዲደብልዩኤም የመጀመሪያውን ሠርቶ በሁለተኛው ይኮራል። እኛ ደግሞ ይሄን ዓይነት ትምክህት ከሩቅ አናውቀውም፤ ቅኔው እንዳይገባህ ሆኖ ነው የተቀኘው እያለ የሚኮራ ሰው በየመንደሩ አለ። ጥልቅ ቅኔ ግን ሰሙን ለሁሉም ሰጥቶ ወርቁን ለሚቆፍር ያስቀምጣል እንጂ ሰሙን አይሰርቅም።

አይ-ስሪም የምሠራው ልምድ ላላቸው ሰዎች ነው ይላል። አኳኋኑ ግን የተለየ ነው። የማዋቀሪያ ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ነው፤ በአንድ መቀመጫ ይነበባል፣ ከትእዛዞቹ በላይ ምን እንደሚሠሩ የሚናገር ማብራሪያ ተጽፏል። ስትሳሳቱ ፀጥ አይልም። ላይኛው ጠርዝ ላይ ቀይ መስመር አውጥቶ ፋይሉን ላርም ወይስ ስህተቱን ልይ ብላችሁ የምትመርጡበትን ቁልፍ ይሰጣችኋል። ካረማችሁ በኋላ የትእዛዝ ቁልፉን ከሺፍትና «አር» ጋር ስትጫኑ የከፈታችሁት አንድ መስኮት ሳይዘጋ ፕሮግራሙ ራሱን አድሶ ይነሳል። መምሪያ መጽሐፉም ረጅምና ግልጽ ነው፤ እኔ እንዲያውም ከብዙ የታተሙ የኮምፒውተር መጽሐፎች ይልቅ የጸሐፊን ጭንቀት አይቼበታለሁ። ተጠቃሚውን አዋቂ አድርጎ ይቆጥረዋል፣ ግን አዋቂ ሆኖ እስኪመጣ በር ላይ አያቆመውም። ለኔ ከሁለቱ አንዱን ያስመረጠኝ ይሄ ነው።

ኅዳግ

ስለ መልክ ካልተነሳ ወሬው አይሞላም። ታይሊንግ የሚጠቀም ወጣት የስክሪኑን ፎቶ ለጥፎ ሳይኩራራ አይውልም። ፎቶው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ የተራራ ሥዕል፣ አራት ተርሚናል፣ በመስኮቶቹ መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት፣ አንደኛው ተርሚናል ላይ የሲስተሙ ስምና ዓርማ። አራቱም ላይ የሚሠራ ሥራ የለም።

የክፍተቱ ታሪክ ራሱን የቻለ ነው። አይ-ስሪ ለዓመታት በመስኮቶች መካከል ክፍተት አልነበረውም። ክፍተት የፈለጉ ሰዎች አይ-ስሪ-ጋፕስ የሚባል ተቀጥላ ይጠቀሙ ነበር። በጥር 2023 በወጣው በ4.22 እትም ነው ተቀጥላው ወደ ዋናው የተመለሰው። ጥብቆቹ አኩርፈው ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ደግ ተደረገ እላለሁ። የብራና መጻሕፍቶቻችንን አስታውሱ። ጸሐፊው ቀለም ሳይነክር በፊት ብራናውን በወስፌ ወግቶ፣ መስመሩን አስምሮ፣ ገጹን በሁለት ወይ በሦስት ዓምድ ይከፍለዋል። ይሄ ታይሊንግ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? በዓምዶቹ መካከልና በዳር ዳሩ ደግሞ ኅዳግ ይተዋል። ኅዳግ ብክነት አይደለም፤ ዓይን የሚያርፍበት ነው።

ግን ብራና አስምሮ ሳይጽፍበት የሚያሳይ ጸሐፊ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የዚህ ባህል ሕመም እሱ ነው። ማስመሩ ሥራ ሆነ። ቅዳሜ ቀለም ተቀየረ፣ እሑድ ፊደሉ ተቀየረ፣ ሰኞ ወደ ሌላ መስኮት አስተዳዳሪ ተዛወርን። አይ-ስሪ ራሱ ለዚህ የሚጋብዝ አይደለም፤ እንደ ወረደ ሲታይ እንዲያውም ፊቱ ደረቅ ነው። ጥፋቱ የሰዉ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ነገር ግን ቋንቋ አድርጌ ሰጠኋችሁ ያለ ሥራ በተናጋሪዎቹ መመዘኑ አይቀርም፤ ተናጋሪዎቹ ስለ ራሱ ስለ ቋንቋው ብቻ እያወሩ ከዋሉ የጎደለ ነገር አለ።

የፊደሉ ሳጥን

የጎደለውን የነካሁት አማርኛ ስጽፍበት ነው። ደግ ደጉን ላስቀድም። የትእዛዝ ቁልፉን የያዘ ነገር ሁሉ ቀድሞ ለአይ-ስሪ ስለሚደርስ፣ በአማርኛ ዓረፍተ ነገር መሀል ላይ ሆኜ ክፍል ብቀይር ምንም አይናጋም። የኪቦርድ አደራደር ሁለት ሲሆንም ትእዛዞቹ በመጀመሪያው አደራደር ተተርጉመው በሁለቱም ላይ ይሠራሉ። ከፊደል ይልቅ የቁልፉን ቁጥር ማሰርም ይቻላል፤ ያን ጊዜ ቁልፉ ላይ የተጻፈው ላቲን ይሁን ግእዝ ግድ የለውም። ይህ በደንብ የታሰበበት ነው።

ሌላው ግን የኛ ዕዳ ነው። በትልልቆቹ ዴስክቶፖች ላይ የቋንቋ መቀየሪያው አብሮ ይነሳል። ባዶው ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚያስነሳው የለም። አይባስ የሚባለውን የማስገቢያ ፕሮግራም፣ ከሱም ጋር በላቲን ቁልፍ ግእዝ የሚጽፈውን የኤም17ኤን ክፍል ራሳችሁ ትጭናላችሁ። በማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ አይባስን የሚያስነሳ አንድ መስመር ትጽፋላችሁ፤ ፕሮግራሞቹ እንዲያዩት ደግሞ ሦስት የአካባቢ ተለዋዋጮችን ታስተዋውቃላችሁ። ኖቶ ወይም አቢሲኒካ የመሰለ የግእዝ ፊደል ካልተጫነ የመስኮቶቹ አናት ላይ ባዶ ሳጥን ይደረደራል። ሁሉም በትእዛዝ መስመር ይፈታል። ግን ማንም ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ ይሄን አልጠየቀውም።

የማይፈታው ተርሚናሉ ነው። ተርሚናል ስክሪኑን እኩል በሆኑ ሳጥኖች ይከፍላል፤ ለአንድ ፊደል አንድ ሳጥን። የቻይናና የጃፓን ፊደላት ሰፊ መሆናቸው በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ስለተመዘገበ ሁለት ሳጥን ይሰጣቸዋል። የግእዝ ፊደል ግን እንደ ላቲኑ አንድ ሳጥን ነው የሚቆጠርለት። እንግዲህ «ጨ» በ«አይ» ልክ በተሰፋ ልብስ ውስጥ ትግባ! ወይ ትጨመቃለች፣ ወይ ጎረቤቷ ላይ ትወጣለች፣ ወይ ጎኗ ይቆረጣል። አንዱ በሌላው ላይ አይወጣም የተባለበት ቤት ውስጥ የኛ ፊደላት ይደራረባሉ።

ይህ የአይ-ስሪ ኮድ ጥፋት አይደለም። አይ-ስሪ የመስኮቶቹን አናትና የታችኛውን መስመር ሲጽፍ ግእዝን አሳምሮ ያሳያል። ነገር ግን በዙሪያው ያለው ዓለም ሁሉን ነገር፣ ኢሜይሉን፣ ማስታወሻውን፣ ጽሑፉን፣ ወደ ተርሚናል ይገፋል፤ ንጹሕ ሥራ ማለት በተርሚናል የሚሠራ ሥራ ነው ይላል። ያንን ምክር ቃል በቃል የተቀበለ አማርኛ ጸሐፊ የገዛ ፊደሉን እያበላሸ ይውላል። እኔ በዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው፦ አማርኛዬን በተርሚናል አልጽፍም። ሰፋ ያለ የጽሑፍ ፕሮግራም በአንድ በኩል፣ ተርሚናሉ በጎኑ። ይሄ እንደ ክህደት የሚታይባቸው ቤቶች አሉ፤ ይታይ። መሣሪያው ለፊደሉ ነው እንጂ ፊደሉ ለመሣሪያው አልተፈጠረም።

ፍርድ

እና ይህ ቋንቋ የማን ነው? ሲሠራ የኛ እንዲሆን አልታሰበም፤ በሩ ግን አልተቆለፈም። የማዋቀሪያ ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ የክፍሎቹን ስም በአማርኛ መጻፍ ትችላላችሁ። የኔ «1፦ ጽሑፍ»፣ «2፦ ንባብ»፣ «3፦ ወሬ» ይላሉ፤ አይ-ስሪ ያለ ማጉረምረም ተቀብሏቸዋል። ታችኛው መስመር ደግሞ ከየትኛውም ፕሮግራም የሚወጣ ጽሑፍ ስለሚያነብ፣ ከፈረንጁ ሰዓት ላይ ስድስት ቀንሳ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት የምትል አጭር ስክሪፕት ማሰር ይቻላል። ሰዓቱን በራሳችን አቆጣጠር የሚናገር ስክሪን ቀላል ነገር አይደለም፤ ስንቶቻችን ነን ስልካችንን አይተን በልባችን ስድስት የምንቀንሰው?

ወደፊት የሚመጣው ነገርም ይህን ያጠናክራል። አይ-ስሪ የቆመበት ኤክስ የሚባለው የመስኮት ሥርዓት እያረጀ ነው፣ ተተኪው ዌይላንድ ይባላል። በዚያ ላይ የተሠራው ስዌይ በ2019 አንደኛ እትሙን ሲያወጣ የአይ-ስሪን ማዋቀሪያ ፋይል እንዳለ ማንበብ የሚችል ሆኖ ነው የመጣው። ማለትም ፕሮግራሙ ቢያልፍም ሰዋስው አለፈ አልተባለም። የተማራችሁት ቃል ቤት ቀየረ እንጂ አልጠፋም።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። አይ-ስሪ ጥሩ ሥራ ነው፣ ምክንያቱም ያሰበውን በግልጽ ይናገራል፣ ስህተታችሁን በግልጽ ያሳያል፣ ያዘዛችሁትን ብቻ ያደርጋል። ማሽኑ ደካማ፣ ስክሪኑ ጠባብ፣ ኢንተርኔቱ ውድ ለሆነበት ወጣት ከዚህ በላይ የሚያከብረው መስኮት አስተዳዳሪ አላየሁም። ጉድለቱ ያለው በዙሪያው በበቀለው እምነት ላይ ነው፤ ሳጥኑ ለሁሉም ፊደል እኩል ነው ብሎ በሚያምነው።

ያንን እምነት የሚሽረው ሌላ የተራራ ፎቶ አይሆንም። በአማርኛ የተብራራ አንድ ማዋቀሪያ ፋይል ግን ይሽረዋል፦ ከእያንዳንዱ ትእዛዝ በላይ ምን እንደሚሠራ በኛ አነጋገር የተጻፈበት፣ አይባስን የሚያስነሳው መስመር ከመጀመሪያው የገባበት፣ «ጎን ለጎን» እና «ላይና ታች» የሚል። ሥራው ትልቅ አይደለም፣ የሲ ቋንቋም አይጠይቅም። በመሰላል ምልክት የሚጀምር መስመርን አይ-ስሪ አልፎት ይሄዳል፤ ሰው ነው የሚያነበው። እዚያ ላይ የፈለግነውን መጻፍ እንችላለን።